አባባ ሰንጋ በዓይናቸው ይመዝናሉ፤ ብር መቁጠር ግን ጠፋባቸው

የጅሩዋ
ጥር 14፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን ጭንቄን ይዤ ገባሁ። ይረዝማል፣ ቻሉኝ።

አባቴ የሚኖሩት እነዋሪ አካባቢ ነው፤ 61 ዓመታቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሰንጋ አድልበው የሸጡ ሰው ናቸው። የጅሩ ሰንጋን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁትም ለፋሲካ ሳትበሉት አትቀሩም። አባባ በሬውን አንዴ ዞር ብለው ካዩት፣ ሻኛውን አንዴ በመዳፋቸው ጫን ካሉት፣ ስንት ኪሎ ሥጋ እንደሚወጣው ይነግሯችኋል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ራሳቸውን ከፍሎ አመማቸው፣ አዞራቸው፣ ትንሽ ተኙ። ከሰዓት ተነሥተው በሬ አጠጡ። እጅ አልዛለ፣ አፍ አልተጣመመ፣ ንግግራቸው ያው የምናውቀው ነው። ማን ልብ ይበል?

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱን ሰንጋ በ85 ሺህ ሸጥኩ ብለው ገቡ። እናቴ ብሩን ስትቆጥረው 58 ሺህ ነው። ወንድሜ ዱላውን ይዞ ገዢው ዘንድ ሄደ። ሰውየው አልተጣላም፤ አባባ ጽፈው የሰጡትን ብጣሽ ወረቀት አወጣለት። 58,000 ይላል። ከሥሩ ስማቸውን ሊጽፉ ሞክረዋል፤ አንዱ ፊደል እግር የለውም፣ የአንዱ ቀለበት በማይሆን ቦታ ገብቷል፣ ሦስተኛው ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ናቸው እኮ፤ የዕድሩን መዝገብ 20 ዓመት የያዙት እሳቸው ናቸው።

ለጥምቀት ስሄድ በዓይኔ አየሁ። ሁለት መቶ ሁለት መቶውን ብር አልጋው ላይ ይደረድራሉ፤ ሰባት ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ ወደ አራት ይመለሳሉ፣ ይናደዱና ይሰበስቡታል። በጎረቤት ደብር ንግሥ ላይ «በቀኝ በኩል ይዙሩ» ሲሏቸው ዞረው በሴቶቹ በር ገቡ፤ ሳምንቱን ሙሉ የቡና ወሬ ሆነ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ዳዊቱ ነው። ጠዋት ጠዋት እንደ ልማዳቸው ገልጠው ይደግማሉ፣ አንድ ቃል አይስቱም። ጠጋ ብዬ ሳይ የተገለጠው ገጽ ሌላ፣ የሚሉት መዝሙር ሌላ። በጣቴ አንድ መስመር አሳይቼ «አባባ ይቺን ያንብቡልኝ» ስላቸው ዝም ብለው አዩኝና «መነጽሬ አርጅቷል» አሉ።

መንደሩ ፈርዷል፦ ጃጁ፤ ዓይነ ጥላ ነው፤ ደላላው አሠርቶባቸው ነው። አንድ ሕክምና ቦታ ወሰድናቸው፣ «ዕድሜ ነው» ተብለው ቪታሚን ይዘው ተመለሱ። አልዋጥልኝ ስላለ ደብረ ብርሃን አመጣኋቸውና ሲቲ ስካን ተነሡ። ውጤቱ በግራ በኩል «አንጉላር ጋይረስ» በሚባል ቦታ ደም ተቋርጦ የቆየ ጉዳት አለ ይላል። ግፊታቸውም 170 በ100 ነበር። ሐኪሙ ደጃፉ ላይ ወረፋ ተኮልኩሎበታል፤ መድኃኒት ጻፈና ሸኘን።

ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ፊደልም ቁጥርም ግራና ቀኝም እንዴት በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ? አእምሯቸው መሄዱ ነው?

ጣርማበር_ጉም
ጥር 14፣ ከምሽቱ 3፡05

ድሮም «ግራ ገባኝ» ነው የምንለው፣ «ቀኝ ገባኝ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ይቅርታ እህቴ፣ ለማሾፍ አይደለም፤ እግዜር ይማርልሽ። ባለጋውን የት ገባ? ይህ የሱ ነው።

ባለጋውን
ጥር 15፣ ከጠዋቱ 12፡20

ከአዳር ተረኛነት ወጥቼ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ እናንተም እንዳትጠረጥሩኝ። የነርቭ ሕክምና እየተማርኩ ያለሁ ሐኪም ነኝ፣ ትውልዴ ደብረ ሲና። በሰው አፍ ምርመራ አይደረግም፣ አባትሽን ያየው ሐኪም ቃል ይበልጣል። ግን አንቺ የጻፍሽው እኔ ከማያቸው ብዙ ካርዶች ይበልጣል።

አእምሯቸው አልሄደም። ይህን አስቀድሜ ልበል።

እጅሽን ከግራ ጆሮሽ በላይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ አድርጊ። አንጉላር ጋይረስ ከዚያ ሥር ነው። የአንጎል ሽፋን እጥፋት ነው፣ ሽፋኑን በቁጥር በሚከፋፍለው በብሮድማን ካርታ ቁጥር 39 ይባላል። የሚያየው የኋላው ክፍል፣ የሚሰማው የጎኑ ክፍል፣ አካላችን የት እንዳለ የሚያውቀው የላይኛው ክፍል ሦስቱ የሚዋሰኑበት ቦታ ነው። «በ» የምትባለው ፊደል ለዓይን ሁለት እግር ያላት ቅርጽ ናት፤ ለጆሮ ድምፅ ናት። ቅርጹ ድምፁን እንዲጠራ የሚያደርገው መገናኛ ነው የተመታው። ለዚህ ነው አባባ እያወሩ፣ እየሰሙ፣ ዓይናቸው እያየ ማንበብና መጻፍ ብቻ የጠፋባቸው።

ይህን ያወቀው ዴጀሪን የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም ነው። በፈረንጆቹ 1891 ንግግሩ ደህና ሆኖ ማንበብም መጻፍም የተሳነው በሽተኛ ገጠመው፤ ሰውየው ሲሞት አንጎሉ ሲታይ ጉዳቱ እዚችው ቦታ ላይ ነበር። በዓመቱ ደግሞ ሌላ ሰው አመጣ፤ እሱ መጻፍ ይችላል፣ ራሱ የጻፈውን ግን ማንበብ አይችልም። ነጋዴ ነበር፣ ቁጥሩም አልጠፋውም። የሱ ጉዳት ወደ ኋላ፣ ወደ ማያው አካባቢ ነው፤ መገናኛው ራሱ ደህና ነበር። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እያሰብሽ አባባን ብትመለከቺ ብዙ ነገር ይገለጥልሻል።

ቁጥርና ግራ ቀኝ ደግሞ። በፈረንጆቹ 1924 ጌርስትማን የሚባል የቪየና ሐኪም የራሷን ጣቶች መለየት ያቃታት የ52 ዓመት ሴት አየ። አውራ ጣትሽን አሳዪ ስትባል ታመነታለች። ኋላ ላይ አራት ነገሮች አብረው እንደሚመጡ ጻፈ፦ ጣት መለየት አለመቻል፣ ግራና ቀኝ መምታታት፣ ስሌት መጥፋት፣ ጽሕፈት መጥፋት። ስሙም የጌርስትማን ሕመም ሆኖ ቀረ። ጣት ከሒሳብ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ፣ ልጅ ሆኖ በምን እንደቆጠረ ያስታውስ።

ሰንጋውስ ለምን አልጠፋቸውም? «ሰባት ሲባዛ በስምንት» ስልሽ አታሰላስዪም፤ እንደ ዜማ ይወጣል። በቃል የተያዘ ነገር ነው። የማባዛት ጥያቄ እየደጋገሙ ያስጠኗቸው ሰዎች አንጎል ሲታይ፣ መጀመሪያ የሚሠራው ላይኛው ስርጉድ ነው (ከዚያ እጥፋት በላይ ያለ፣ በእጥፋቶች መካከል የገባ ቦይ)፣ ከልምምዱ በኋላ ሥራው ወደ ግራው አንጉላር ጋይረስ ይዞራል። «ይህ ከዚያ ይበልጣል» የሚለው ግምት ግን የላይኛው ስርጉድ ጉዳይ ነው። የአባባ ላይኛው የተረፈ ይመስለኛል። በተቃራኒው የተጎዳ ሰውም አለ፤ ማባዣውን እንደ ውሃ ይለዋል፣ በ2 እና በ8 መካከል ያለ ቁጥር ጥራ ስትዪው ይጠፋዋል።

ዳዊቱም እንዲሁ ነው። በልጅነት ስለደገሙት ከንባብ ወጥቶ አፋቸው ውስጥ ገብቷል። መጽሐፉ እጃቸው ላይ ያለው ለልማድ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ጣታቸውን ፈትኚልኝ። ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ «የቀለበት ጣትዎን ያሳዩኝ» በያቸው። በሰው ፊት ግን አይሁን።

የአንኮበር_አፈር
ጥር 15፣ ከቀኑ 7፡10

ልጄ፣ እኔ በዕድሜ አባትሽን እበልጣለሁ። ሐኪሙ ያለውን አልነቅፍም። ግን ጸበሉን አትከልክሏቸው። ሰው በዳዊቱ ቆሞ የሚያነበው ሲጠፋው ውስጡ ምን እንደሚል እኛ እናውቃለን።

ባለጋውን
ጥር 15፣ ከቀኑ 7፡45

አባቴ፣ ማን ይከለክላል? ጸበሉን ይጠመቁ፤ የግፊት ክኒኑን ግን ጸበል ቦታም ይዘው ይሂዱ። ሰዎች ለሰባት ቀን ሱባዔ ክኒን አቁመው በሁለተኛ ስትሮክ (የአንጎል ደም መቋረጥ፣ አባባን የመታቸው ዓይነት) ሲመጡብን ነው የማዝነው። ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው ቀስ ብሎ ላይገባ ይችላል። እናንተም ልብ በሉ፦ ፊት በአንድ ወገን ሲንጋደድ፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ ሰዓት አይታችሁ ሩጡ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት ቦታ እንኳን የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። የአባባ ግን ተንኮለኛ ነበር፤ ፊትም እጅም አልነካ።

መምህርት_ዘመሐል_ሜዳ
ጥር 16፣ ከምሽቱ 1፡30

እኔ አባት የለብኝም፣ ተማሪ አለችብኝ። ስድስተኛ ክፍል ናት። አማርኛ ስታነብ ክፍሉ ይሰማታል። ሒሳብ ላይ ግን 8 እና 5 ስትደምር ከ1 ጀምራ በጣቷ ነው፣ ጣቷን ደግሞ ጠረጴዛ ሥር ደብቃ። ከ7 እና ከ9 የቱ ይበልጣል ስላት ትቆጥራለች። እውነቱን ልናገር፦ ሰነፍ ነች ብዬ አንበርክኬያታለሁ።

አንድ ማታ ቤታቸው ሄድኩ። በጎቹ እየገቡ ነበር፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ልጅቷ በረት በሩ ላይ ቆማ እየዳሰሰች ታስገባለች። ድንገት «ዳለቻዋና የቡሬዋ ግልገል የሉም» ብላ ሮጠች፣ ይዛቸው መጣች። «ስንት ሆኑ?» አልኳት። «ሁሉም አሉ» አለችኝ። «እኮ ስንት?» ስላት መቁጠር ጀመረች፤ አንዴ 12፣ አንዴ 14፣ ሦስተኛውን ተወችው። እናትየው ሠላሳ አንድ ናቸው አለችኝ።

ስትሮክ አልመታት። ይቺስ ምንድን ናት ዶክተር?

ባለጋውን
ጥር 16፣ ከምሽቱ 4፡00

መምህርት፣ የበጎቹን ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅቷ የሚያስፈልጋት ምርመራ ነው፣ የሚመስለው ግን ዲስካልኩሊያ የሚሉት የቁጥር ችግር ነው። የአባባ ነገር የነበረ ሲጠፋ ነው፤ የሷ ሲፈጠርም አልተገነባም። ከ100 ልጆች ከ3 እስከ 7 የሚሆኑት አለባቸው፤ ስለዚህ ክፍልዎ ውስጥ እሷ ብቻ ላትሆን ትችላለች። ከብልህነት ጋር አይገናኝም። ፊደል የሚያስቸግረው ዲስሌክሲያ ሌላ ነው፣ አንዳንዱ ልጅ ሁለቱንም ይዞ ይመጣል፣ የእርስዎ ተማሪ እንዳሉት በንባብ ደህና ናት።

በእነዚህ ልጆች ላይ በብዛት ልዩነት የሚታየው ያ ላይኛው ስርጉድ ላይ ነው፤ ብዛትን ሳይቆጥሩ የመያዝ ነገር። እኛ ሦስት ጠጠር ስናይ «ሦስት» ለማለት አንቆጥርም። እሷ ልትቆጥር ትችላለች። ስለዚህ የማባዣ ሠንጠረዥ ጮክ ብሎ ማስደገም ብቻውን አይረዳትም፤ ዜማውን ትይዘዋለች፣ ከሥሩ ያለው ብዛት ግን ባዶ ነው። ጠጠር፣ ባቄላ፣ መሬት ላይ የተሠመረ የቁጥር መስመር። ትንሽ ቁጥር፣ ረጅም ጊዜ። ጣቷን ከጠረጴዛ በላይ ታውጣ፣ ማንም አይሳቅባት።

በነገራችን ላይ አማርኛ ውለታ ውሎልናል። «ሃያ አምስት» ስንል አሥሩ ይቀድማል፣ አንዱ ይከተላል፣ ልክ አኃዙ እንደተጻፈ። ጀርመኖች «አምስትና ሃያ» ነው የሚሉት፤ ልጆቻቸው 25ን 52 አድርገው ሲጽፉ ይገኛሉ። የአባባን 85 እና 58 ግን በቋንቋ አናሳብብም።

አረርቲ77
ጥር 17፣ ከቀኑ 5፡15

አንድ ነገር ልቃወም። ይህ የጌርስትማን ሕመም የሚባለው እኮ ብዙ ተነቅፏል። ቤንተን የሚባል ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1961 «ልብ ወለድ ነው» እስከማለት ደርሷል። አራቱ ምልክቶች አብረው የሚመጡት ከሌሎች ምልክቶች ጋር ከሚመጡት በልጦ አይደለም ነው የሚለው። አንድ ቦታ ተጎድቶ አራት ነገር ጠፋ ማለት ለወሬ ያምራል እንጂ።

ባለጋውን
ጥር 17፣ ከምሽቱ 2፡20

ትክክል ነህ፣ ነቀፌታው ጥሩ ነቀፌታ ነው። አራቱ ብቻ ንጹሕ ሆነው የሚታዩበት ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ቃል መፈለግም ይቸግረዋል። እኔም የጅሩዋን አባት ሳላይ ስም አልለጥፍባቸውም።

ግን ዳቦው ጠየመ ብለን ሳንቆርሰው አንጣለው። ጣርማ በርን አስብ። ላዩ ላይ ጉምና ገደል ነው፣ ሥሩ ጣሊያን የቦረቦረው ዋሻ። ከአዲስ አበባ ወሎ የሚወርደው መኪና በዚያ ነው የሚያልፈው። መንዝ የሚገነጠለውም እዚያው አጠገብ ነው። አሁን እዚያ ናዳ ቢወርድ የደሴው ሸቀጥም የመሐል ሜዳው በግም ባንድ ቀን ይቆማል። ደሴና መሐል ሜዳ ግን አንድ ከተማ ሆነው አይደለም፤ ሁለቱም ምንም አልሆኑም። በፈረንጆቹ 2009 የጤነኛ ሰዎችን አንጎል በኤምአርአይ ያዩ ተመራማሪዎች ያገኙት ይህን የሚመስል ነው። ጣት፣ ቁጥር፣ ጽሕፈትና ግራ ቀኝ በሽፋኑ ላይ አንድ የጋራ ሠፈር የላቸውም፤ ከየሠፈራቸው የሚነሡት ነጭ የነርቭ ገመዶች ግን በግራው ፓራይታል (ያ አካላችን የት እንዳለ የሚያውቀው የላይኛው ክፍል) ሥር ይተላለፋሉ። ትንሽ ጉዳት ያ መተላለፊያ ላይ ካረፈ አራቱም ይቋረጣሉ።

ስለዚህ ጌርስትማን ያየው አልተሳሳተም፣ ያብራራበት ነው የሚያከራክረው።

ጣርማበር_ጉም
ጥር 17፣ ከምሽቱ 2፡50

ሰፈሬን አንጎል አደረግከው፤ ኪራይ ክፈል። የቀኙስ ምን ይሠራል? አንዱ ዩቲዩብ ላይ «ነፍስ የምትወጣበት ቦታ ተገኘ» ሲል ሰምቼ።

ባለጋውን
ጥር 17፣ ከምሽቱ 3፡00

ነፍስ አልወጣችም። በፈረንጆቹ 2002 ጄኔቫ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለባትን ሴት ለቀዶ ሕክምና ሲያዘጋጁ የቀኙን አንጉላር ጋይረስ በትንሽ ኤሌክትሪክ ነካኩት፤ «ከላይ ሆኜ አልጋ ላይ የተኛሁትን ራሴን አያለሁ» አለች። ሲያቆሙት ይቆማል። «አካሌ የት ነው» የሚለው ስሜት የሚቀናበር ቦታ ስለሆነ ነው። ዩቲዩቡ ቀሪውን ከራሱ ጨመረበት።

ሸዋሮቢቴ
ጥር 18፣ ከጠዋቱ 3፡30

የጅሩዋ፣ እነሱ ሲከራከሩ እኔ የምትይዢውን ልስጥሽ። ባለቤቴ ስትሮክ ከመታው ሦስት ዓመቱ ነው፣ የፍራፍሬ ንግድ ነበረን።

መጀመሪያ፣ ብር በጥቅል ይሁን። አንድ ሺህ አንድ ሺህ አድርገሽ በላስቲክ እሠሪ። እሳቸው ጥቅል ነው የሚቆጥሩት፣ ከአሥር ካልበለጠ ይችሉት ይሆናል። ክኒኑን በዕቃው ላይ ባለው ጽሑፍ አታምኚው፣ አያነቡትም አልሽ፤ የጠዋቱን በቀይ ክዳን፣ የማታውን በነጭ። ስልኩ ላይ ከስም ይልቅ የሰው ፎቶ አድርጊ። ቀኝ አንጓቸው ላይ ክር እሠሪ፣ ቀኝ ሲባሉ ክሩን ያዩታል። ይህን የነገረችን አንዲት የተግባር ሕክምና ባለሙያ ናት፣ በአንድ ሳምንት ለወጠው።

ሌላው፣ ለማስተማር ብለሽ በየደቂቃው «ይህ ስንት ነው?» አትበያቸው። የኔ ሰውዬ አንድ ቀን ሰፌድ ሙሉ ሎሚ ወረወረብኝ። ልክ ነበረ።

ባለጋውን
ጥር 18፣ ከቀኑ 8፡00

ከሸዋሮቢቴ የምጨምረው የለኝም፣ አንድ ብቻ፦ የመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ የሚመለስባቸው ናቸውና አትዘግዩ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ፣ እሳቸው በሚወዱት ነገር ይሁን። ከሀሁ አይጀመር፤ እንደ ሕፃን ቆጠራችሁኝ ብለው ይከፋሉ። የልጆቻቸው ስም፣ የበሬዎቹ ስም።

የጅሩዋ
የካቲት 9፣ ከምሽቱ 2፡15

ዘግይቼ መጣሁ፣ አገር ቤት ነበርኩ። ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

ጣታቸውን ፈተንኩ። ከጓሮ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን። የቀለበት ጣት ስላቸው መሐሉን ሰጡኝ፤ ሌባ ጣት ስላቸው ጣቶቻቸውን በሌላው እጃቸው አንድ በአንድ እየያዙ ተዉት። ያን ጊዜ ነው የባለጋውንን ነገር በአገራቸው ቋንቋ የነገርኳቸው። የጣርማ በሩን ናዳ ወደዱት። «እንግዲያ መኪናው ደህና ነው ማለት ነው» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ከኅዳር ወዲህ ከልብ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ለካ እሳቸውም አበድኩ ብለው ለሰው ሳይናገሩ ነው የከረሙት።

እናቴ ለሴቶቹ ቡና ላይ ስካኑን አውጥታ አሳየቻቸው። ማንም አልገባውም፣ ግን ወሬው ቆመ። ወንድሜ ገዢውን ይቅርታ ጠየቀ፤ ሰውየው ልዩነቱን ሙሉ ባይሆንም ግማሹን መለሰ። ያስገደደው ሰው ስለሌለ ክብሩ የሱ ነው።

ልምምዱን በበሬዎቹ ስም ጀመርን። «ወርቄ»ን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀ፤ አሁን «ር»ን ብቻ ነው የሚያጣምሟት። ቁጥሩ ገና ነው። ባለፈው ገበያ ወንድሜ ብሩን ያዘ፣ እሳቸው በሬውን ያዙ፤ ዋጋ የተናገሩት ግን እሳቸው ናቸው፣ ወንድሜ ቀና ብሎ ሳያያቸው በልቡ ደገመው። ልክ ነበር።

ክሩን በተመለከተ ሸዋሮቢቴ አንድ ችግር ገጥሞናል። ቀኝ አንጓቸው ላይ ቀይ ክር አሠርኩላቸው። «ማተቤ አንገቴ ላይ አለ፣ ይሄ ደግሞ የማን ሃይማኖት ነው?» ብለው ፈቱት። ሌላ ዘዴ ካለሽ ጻፊልኝ።

ሸዋሮቢቴ
የካቲት 9፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰዓት እሠሪላቸው። ባይሠራም ግድ የለም፣ ቀኝ እጅ ላይ ይሁን ብቻ።